አንቷን ዳባዲ፦ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው የጻፉ ቀያሽ

ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቁልቁል ወርዶ የግቤን ወንዝ ይሻገራል። ከጉራጌ ተራሮች በስተ ምዕራብ የሚወርደውን ውሃ የሚሰበስበው የዋቤ ወንዝም የሚገባው ከዚሁ ከግቤ ነው። ከተራሮቹ ማዶ፣ በቡታጅራ በኩል ያለው ውሃ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይጓዛል። የግቤ ውሃ ኦሞ ተብሎ ወደ ደቡብ ይወርድና ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይህ ሁሉ ዛሬ የተማሪ ዕውቀት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን የዚህ ወንዝ መድረሻ የአውሮፓን የጂኦግራፊ ሊቃውንት በሁለት ጎራ ከፍሎ ያነታረከ ጥያቄ ነበር። በንትርኩ መካከል የቆሙት ሰው አንቷን ዳባዲ ይባላሉ። የሰማይ አካላትን በመለካት የኢትዮጵያን ከፍተኛ ምድር አቀማመጥ በመወሰን ረገድ በዘመናቸው የሚወዳደራቸው አልነበረም፤ በወንዙ ጉዳይ ግን ተሳሳቱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳባዲ ጃንዩወሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ርእሰ ከተማ በደብሊን ተወለዱ። አባታቸው ከፈረንሳይ የባስክ ምድር የመጡ ሲሆኑ እናታቸው አየርላንዳዊት ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ አንቷን በዚያው አድገው ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ወደ አፍሪካ ውስጠኛ ክፍል የመጓዝ ሐሳብ ገና በወጣትነታቸው ስላደረባቸው፣ ቋንቋ በማጥናትና በመለኪያ መሣሪያ በመለማመድ ለዓመታት ተዘጋጁ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲለኩ ወደ ብራዚል ላካቸው። ከዚያ ሲመለሱ ከታናሽ ወንድማቸው ከአርኖ ጋር ሆነው በ1838 መጀመሪያ ምጽዋ ገቡ።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ነበር። ጎንደርን ካዩ በኋላ የያዙት መሣሪያ ላሰቡት ሥራ እንደማይበቃ ስለተረዱ ወደ አውሮፓ ተመልሰው የተሻለ ይዘው ዳግመኛ መጡ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1848 ድረስ አገሩን አልለቀቁም። አማርኛና ግእዝ ተማሩ፤ የአገሩን ልብስ ለበሱ፤ በአገሬው ሰው ወግ ተጓዙ። የዓይን ሕመም በተደጋጋሚ ያሠቃያቸው እንደነበረ ይታወቃል፤ ሥራው በሙሉ በዓይን የሚሠራ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

የገጠማቸውን የሥራ ችግር በሚገባ ለመረዳት ምሳሌውን ከጉራጌ ከተሞች መውሰድ ይቻላል። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ የሚገኙት ከ8 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። በዚህ ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ከአናት በላይ ትቆማለች። የባሕር አድማስ በሌለበት ደጋ ምድር ሴክስታንት የያዘ ሰው የፀሐይን ከፍታ የሚለካው ምስሏን በባዜቃ ገበታ ላይ አይቶ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚነበበው ማዕዘን የእውነተኛው ከፍታ እጥፍ ይሆናል። የሴክስታንት ቅስት ደግሞ ከ120 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ከታኅሣሥ ወር አካባቢ በቀር የቀትርን ፀሐይ በዚህ መንገድ ለመለካት አይቻልም ማለት ነው። ለመርከበኛ ቀላሉ የሆነው ዘዴ ለደገኛው ቀያሽ ዝግ ነው።

የሰሜን ኮከብስ? የእርሱ ችግር ተቃራኒው ነው። ከአድማስ በላይ የሚታየው 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ስለሆነ ጭጋግና ኮረብታ ይጋርዱታል። ብርሃኑም ወፍራም አየር አቋርጦ ሲመጣ ስለሚታጠፍ ኮከቡ ከእውነተኛ ቦታው ከፍ ብሎ ይታያል፤ በዚያ ደጋ መጠኑ ወደ 5 የቅስት ደቂቃ ይጠጋል። ይህ ሳይታረም ቢቀር ከተማዋ በካርታው ላይ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትሸሻለች። በዳባዲ ዘመን ደግሞ ኮከቡ ከሰማይ ዋልታ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ይርቅ ስለነበር የሰዓቱ እርማት ይጨመርበታል። የሚሻለው መካከለኛ ከፍታ ያላቸውን ኮከቦች፣ አንዱን በሰሜን ሌላውን በደቡብ፣ እያጣመሩ መለካት ነው፤ የመሣሪያውና የአየሩ ስሕተት በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋል። ትዕግሥትና ጥርት ያለ ሌሊት ይጠይቃል እንጂ ኬክሮስ በዚህ ዓይነት ይገኛል።

ኬንትሮስ ግን ሌላ ጉድ ነው። ቡታጅራ ከወልቂጤ በስተ ምሥራቅ 35 የቅስት ደቂቃ ያህል ትርቃለች፤ ይህም ወደ 64 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጊዜ ሲመነዘር 2 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው፤ ቀትር ቡታጅራ የሚደርሰው ወልቂጤ ከመድረሱ በዚህ ያህል ጊዜ ቀድሞ ነው። በመነሻው ቦታ ሰዓት የተሞላ ክሮኖሜትር ይዞ የሚጓዝ ሰው የሁለቱን ቦታዎች የሰዓት ልዩነት በማየት ኬንትሮሱን ያገኛል። ሆኖም የአንድ ሴኮንድ ስሕተት ወደ 460 ሜትር ይመነዘራል። በቀን አንድ ሴኮንድ ብቻ ሳይታወቅ የሚዛነፍ ሰዓት አንድ ወር ቢጓዝ ቦታውን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ያስታል። ያውም ለረጋ መርከብ የተሠራ ሰዓት በበቅሎ ጀርባ ላይ ተጭኖ፣ ገደል ሲወርድና አቀበት ሲወጣ፣ ቀን በሐሩር ሌሊት በውርጭ ሲፈተን ነው።

ሰዓት ሲከዳ የሚቀረው ጨረቃ ናት። ጨረቃ በኮከቦች መካከል በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለምትራመድ ራሷ የሰማይ ሰዓት ትሆናለች። ይሁን እንጂ ከአንድ ኮከብ ያላትን ርቀት ሲለኩ አንድ የቅስት ደቂቃ ቢሳሳቱ፣ ጊዜው 2 ደቂቃ ያህል፣ ኬንትሮሱም ግማሽ ዲግሪ ያህል ይዛባል፤ ቡታጅራን አንሥቶ ወልቂጤ አጠገብ ለማሳረፍ ጥቂት ብቻ የሚቀረው ስሕተት ነው። እዚህ ላይ የፓሪሱ ሜሪዲያን ጉዳይም አይዘነጋም። የዘመኑ ፈረንሳውያን ኬንትሮስን የሚቆጥሩት ከፓሪስ ነበርና፣ ይህን ሳያስተውል የድሮ ሰንጠረዥ የሚገለብጥ ሰው አገሩን በ2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ፣ ማለት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ያዘዋውራል።

ዳባዲ ይህን ሁሉ አመዛዝነው ዋናውን ሸክም ከሰዓት ላይ አውርደው በቴዎዶላይት ላይ ጣሉት። ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ይወጣሉ፤ በፀሐይ አማካይነት እውነተኛውን ሰሜን ይወስናሉ፤ ከዚያም መነጽሩን በአድማሱ ዙሪያ እያዞሩ የሚታየውን ተራራ ሁሉ አቅጣጫ ከነስሙ ይመዘግባሉ። በሚቀጥለው ኮረብታ ላይም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከሁለትና ከሦስት ቦታ የታየ ተራራ ቦታው ይቆረጣል። አገሩ ሰንሰለት ዘርግቶ መነሻ መሥመር ለመለካት ስለማይፈቅድ፣ እርስ በርስ በሚታዩ ሩቅ ቦታዎች መካከል ያለውን የኬክሮስ ልዩነት በኮከብ ለክተው ርቀቱን ከዚያ ያወጡት ነበር። የብልሃቱ ጥቅም ግልጽ ነው፤ አንድ የቅስት ደቂቃ የአቅጣጫ ስሕተት በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከ20 ሜትር ያነሰ መዛነፍ ብቻ ያመጣል፤ ያው አንድ ደቂቃ በጨረቃ ልኬት ላይ ግን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታውን ደግሞ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት እየለኩ ገመቱ። ዳባዲ ይህን አሠራር ፈጣን ጂኦዴሲ ብለው ሰየሙት። ፈጣን ይባል እንጂ አሥር ዓመት ፈጅቷል።

ቴዎዶላይት አቁሞ ተራራ የሚቆጥር የባዕድ ሰው በየደረሰበት ጥርጣሬ ማስነሣቱ አይቀርም። ኮረብታ ላይ መውጣት ለነገሥታቱ ስለላ ሊመስል ይችላል። የተራሮቹን ስም የሚነግራቸው ደግሞ የአገሬው ሰው ነው፤ ያለ እርሱ የመዘገቡት ማዕዘን ሁሉ ስም አልባ ቁጥር ሆኖ ይቀር ነበር። የቋንቋ ትምህርታቸው የቀያሽነታቸው አንድ ክፍል ነበር ለማለት የሚያስደፍረውም ይህ ነው።

በ1843 ዳባዲ ከጎጃም ዐባይን ተሻግረው ወደ እናርያ ወረዱ። የእናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ተቀበሏቸው። ንጉሡ ከከፋ ሙሽራ እንዲያመጡ መልእክተኞች ሲልኩ ዳባዲም አብረው ሄደው ቦንጋን ለጥቂት ቀናት ለማየት በቁ። በዚህ ጉዞ የግቤን ምንጮችና የኦሞን ነገር በቅርብ አጠኑ። የነጋዴዎችንም ወሬ ሰበሰቡ። የደረሱበት መደምደሚያ ኦሞ ከፋን ዞሮ ወደ ምዕራብ ያቀናና ከነጭ ዐባይ ይቀላቀላል፤ ስለዚህ የነጭ ዐባይ ዋና ምንጭ የግቤ ምንጭ ነው የሚል ነበር። በ1846 ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር ተመልሰው ከግቤ ምንጭ ላይ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ አቆሙ።

የነገራቸው ሰው አልዋሸም። ኦሞ በእርግጥ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ግን እንደገና ወደ ደቡብ ይመለሳል። በከፍታም በኩል የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም፤ ከግቤ ሸለቆ እስከ ነጭ ዐባይ ሜዳ ውሃ ለመውረድ የሚበቃ ቁልቁለት አለ። የጎደለው የመለኪያ ነጥብ ነው። በስተ ምሥራቅ ያለውን የጉራጌን አገር ዳባዲ በእግራቸው አልረገጡትም። በተራሮቹ ላይ ወጥተው ዋቤ ወዴት እንደሚሄድ፣ በማዶው ያለው ውሃም ወዴት እንደሚመለስ አልተመለከቱም። ከከፋ በስተ ደቡብም አንድ ጣቢያ እንኳ አልነበራቸውም። የነጥቦች ኬክሮስና ኬንትሮስ የቱን ያህል በጥንቃቄ ቢወሰን፣ በመጨረሻው ነጥብና ባልታየው መካከል ያለውን መሥመር የሚስለው ግምት ነው፤ ወንዙ የጠፋባቸው እዚያ ላይ ነው።

ተቃውሞው የመጣው ግን ስሕተቱ ካለበት በኩል አልነበረም። በጎጃም ቆይቶ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ከፋ መድረሳቸውን ራሱን ካደ። በዚያው ዓመት የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳልያ ሸለመ። ቤክ በበኩሉ ከዚሁ ማኅበር ቀደም ብሎ ተሸልሞት የነበረውን ሜዳልያ መልሶ ላከ። የዚህ ክርክር አሳዛኝ ገጽታ አንዱ የሌላውን ስሌት ከመመርመር ይልቅ እውነተኛነቱን መመርመሩ ነው።

የዳባዲ መልስ የሆነው ትልቁ ሥራቸው ነው። ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ ውስጥ በሮዶልፍ ራዶ ረዳትነት የከፍተኛውን የኢትዮጵያ ምድር ጂኦዴሲ በተከታታይ ክፍሎች አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለቀለት ካርታ ብቻ ሳይሆን በየኮረብታው የተነበቡት ማዕዘኖችና ስሌቶቹ ጭምር ተዘርዝረዋል። ማንም የሙያ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ ሊያሰላቸው ይችላል። ሰዎች የነገሯቸውን ደግሞ ለብቻው ለይተው፣ በ1890 የሰማሁት የሚል ንኡስ ርእስ በተሰጠው የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሐፍ አወጡት። በዘመኑ የነበሩ አያሌ መንገደኞች ያዩትንና የሰሙትን በአንድ ካርታ ላይ በአንድ ዓይነት ቀለም ሲስሉ፣ ዳባዲ ሁለቱን በሁለት መጽሐፍ መለየታቸው ከማንኛውም ማዕዘናቸው የበለጠ ዋጋ ያለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመካከሉም በ1859 የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር፣ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል።

የወንዙን ምሥጢር ሌሎች ፈቱት። ኢጣሊያውያኑ አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ በ1878 ከሸዋ ተነሥተው በቀቤና በኩል ወደ ግቤ አገሮች ሄዱ፤ ኪያሪኒ ግን ጌራ ላይ በእስር እንዳለ በ1879 ሞተ። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆኔል ከደቡብ መጥተው ዛሬ ቱርካና የሚባለውን ሐይቅ አዩ። በ1896 ቪቶሪዮ ቦተጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ የሚያበቃው እዚያው ሐይቅ ውስጥ መሆኑን አረጋገጠ። ነጭ ዐባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ ስፒክ ያየው ከዚያ በፊት በ1862 ነው።

ዳባዲ የኋላ ዘመናቸውን ያሳለፉት በባስክ ባሕር ዳርቻ፣ አንዳይ አጠገብ ባሠሩት ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ነው። ቤቱን የነደፈው ስመ ጥሩው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎችና የአማርኛ ጽሑፎች ይገኙበታል። በአንድ ክንፉ የኮከብ መመልከቻ አለበት፤ መሣሪያውም ክብን በ360 ሳይሆን በ400 የሚከፍል ነው፤ ዳባዲ የአሥርዮሽ ስሌት አጥባቂ ነበሩና። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። በ1882 በ72 ዓመታቸው የቬኑስን በፀሐይ ፊት ማለፍ ለመለካት እስከ ሃይቲ ተጉዘዋል። ልጅ ስላልነበራቸው ቤቱንና ርስቱን የግማሽ ሚሊዮን ኮከቦች ዝርዝር እንዲዘጋጅበት በማዘዝ ለአካዳሚው ተናዘዙ። ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

የኦሞን መድረሻ ያረጋገጠው ቦተጎ ማርች 17 ቀን 1897 በምዕራብ ኢትዮጵያ በውጊያ ተገደለ። ዳባዲ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማርች 19 ቀን፣ ፓሪስ ውስጥ በ87 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በአንዳዩ ቤታቸው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። በመመልከቻው ኮከብ የመቁጠሩ ሥራ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ቀጥሎ ነበር።