ዛሂር ራይሃን፦ ባለ ካሜራው የመምህር ልጅ

የቤንጋል ሲኒማ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንጠራው ሳትያጂት ራይን ነው። እኛ በዚህ እትም ዛሂር ራይሃንን መርጠናል።

የመድረሳ መምህር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ፌኒ ውስጥ ተወለደ። በ1952 የዳካ ተማሪዎች ቤንጋሊኛ የፓኪስታን የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ብለው የሰልፍ ክልከላውን ሲጥሱ ከታሰሩት አንዱ ነበር። ገና 16 ዓመቱ!

በኋላ ልብ ወለድ ጻፈ፣ ፊልም ሠራ። ከሥራዎቹ እኛ የምናስበልጠው የ1970ውን «ጂቦን ቴኬ ኔያ» ነው። አንዲት ሴት የቤቱን ቁልፎች ይዛ ባሏንና ወንድሞቿን ታንቀጠቅጣለች። ሲያዩት የቤተሰብ ጠብ ነው፤ ሕዝቡ ግን ቁልፍ ያዥዋ ወታደራዊው መንግሥት እንደሆነች አላጣውም። «ሴትዮዋ እኔ ነኝ» ብሎ የሚከስ ባለሥልጣን ከየት ይመጣል?

በ1971 ጦርነቱ ሲፈነዳ ካልካታ ተሰደደ። እዚያ ስለ ጭፍጨፋውና ስለ ስደተኞቹ «ስቶፕ ጄኖሳይድ» የተባለውን አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠራ። «ጂቦን ቴኬ ኔያ» ካልካታ ታይቶ ያስገባውን ገንዘብም፣ ራሱ ተቸግሮ ሳለ፣ ለነጻነት ትግሉ ሰጠ።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ታላቅ ወንድሙ፣ ደራሲው ሻሂዱላህ ካይሰር፣ ከቤቱ ተወሰደ። ዛሂር ወንድሙን ፍለጋ ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 ዳካ ውስጥ ወደሚገኘው ሚርፑር ሰፈር ሄደ። 36 ዓመቱ ነበር። አልተመለሰም።