ገመዱን ከመሣሪያው የለየው ሰው

እስኪ የአንድ የፈጠራ ሰው ስም ጥሩ ብትባሉ ማንን ትጠራላችሁ? ብዙዎቻችን ኤዲሰን እንላለን። ቤል የሚልም አይጠፋም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ማርኮኒን ካልጠራን ያስተዛዝበናል። ሃርቪ ሃብል የሚል ሰው ግን የሚገኝ አይመስለኝም። በኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ዘንድ ስመ ጥር የሆነው ይህ አሜሪካዊ በእኛ ዘንድ ጭራሽ አይታወቅም። ነገር ግን ካውያ ሰክተን ልብስ ስንተኩስ፣ ተኩሰን ስንነቅል፣ ያንኑ ቦታ ለሬዲዮ ስንለቅ የምንጠቀመው በእሱ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለቢቸናና ለሞጣ የእንጨትና የብረታ ብረት ቤቶች በጣም ቅርብ ነው፤ ኋላ እንደርስበታለን።

ሃርቪ ሃብል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። በእኛ ታሪክ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። ልጅ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር በሰው ቤት አልገባም። ሙያውን የጀመረውም በኤሌክትሪክ አይደለም፤ በማሽንና በመሣሪያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በኮኔቲከት ግዛት በብሪጅፖርት ከተማ የራሱን ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ብሪጅፖርት ያኔ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር የሚሠራባት የፋብሪካ ከተማ ነበረች። የመጀመሪያ ምርቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመጠቅለያ ወረቀት መያዣና መቁረጫ! ባለሱቁ ከጥቅሉ ላይ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ የሚቆርጥበት ዕቃ ነው። እንግዲህ ይኼ ሰው ከመጀመሪያውም ዓይኑ ያረፈው በትልልቅ ነገሮች ላይ ሳይሆን፣ ሰው በየቀኑ እጁን በሚያደክምበት ትንሽ ሥራ ላይ ነበር።

ኤሌክትሪክ ወደ ከተሞች መስፋፋት ሲጀምር ሃብልም ፊቱን ወደዚያ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1896 በሰንሰለት ተስቦ የሚበራና የሚጠፋ የአምፖል መያዣ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ በፊት አምፖል ለማጥፋት እጅን ወደ መያዣው ሰድዶ ማዞር ያስፈልግ ነበር። ሃብል ግን ሰንሰለት አንጠለጠለለትና ሰው ከታች ሆኖ እንዲስበው አደረገ። ይህ ዓይነቱ ማብሪያ ዛሬም በዓለም ገበያ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቤቶች ኤሌክትሪክ ያስገቡት ለመብራት ብቻ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰካበት ቦታ ብሎ ነገር እምብዛም አይታወቅም። ማራገቢያ ወይም ካውያ የገዛ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ባለሙያ ጠርቶ የዕቃውን ገመድ ከቤቱ ሽቦ ጋር በቋሚነት ማሳሰር። ሁለተኛው፣ አምፖሉን ፈትቶ በምትኩ የዕቃውን ገመድ ጫፍ እንደ አምፖል እያዞሩ ማጥበቅ። ሲዞር ደግሞ ገመዱም አብሮ ይጠማዘዛል። ሁለቱም አያመቹም፤ ሁለቱም አደጋ አላቸው።

ስለ ፈጠራው አንድ ታሪክ ሲነገር ኖሯል። ሃብል ኒውዮርክ ውስጥ በሳንቲም የሚሠሩ የኤሌክትሪክ መጫወቻዎች ያሉበት አዳራሽ ገባ ይባላል። ጽዳት ሠራተኛው መጫወቻዎቹን አንስቶ ለመጥረግ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው ይፈታል፤ ጠርጎ ሲጨርስ መልሶ ያስራል። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር እንደነበር ከተምታታበት ደግሞ ሾርት ይሆናል። ሃብል ይህን አይቶ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ ይላል ታሪኩ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሃብል ማያያዣውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ክፍል እንደ አምፖል ጠብቆ እዚያው መያዣው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ክፍል ከገመዱ ጋር ይሄዳል፤ ሲፈለግ ይሰካል፣ ሲፈለግ ይነቀላል። ሽቦ መፍታት፣ ባለሙያ መጥራት፣ ገመድ ማጠማዘዝ ቀረ። ለዚህ ሥራው የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1904 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1897 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካረፉ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡርም ድሬዳዋ ደርሶ ቆሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በቋንቋቸው ወንድ ሶኬትና ሴት ሶኬት ይላሉ። ብረቱ ወደ ውጭ የወጣው ወንድ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ሴት ነው። ኤሌክትሪኩ ያለበት ወገን ሁልጊዜ ሴት መሆን አለበት። ብረቱ ውስጥ ስለተደበቀ እጅ አያገኘውም። ወንዱ ደግሞ ከተነቀለ በኋላ ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ቢነካም አይጎዳም። ገመዱን ለሁለት መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ የቱ ወገን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ማወቅ ይጠይቃል። የሃብልም አሠራር ይህንኑ የጠበቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1905 ድርጅቱ በስሙ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ሥራው ግን አላለቀም። ሌሎች ፋብሪካዎችም የየራሳቸውን ማያያዣ ማውጣት ጀመሩ፤ ቅርጹም ለየቅል ሆነ። የአንዱ ፋብሪካ ወንድ ለሌላው ሴት አይገባም። ከጊዜ በኋላ ግን የአሜሪካ አምራቾች ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች፣ ማለትም በሃብል ቅርጽ ላይ ተሰባሰቡ። አሜሪካ የኖረ ዘመድ ያመጣው ቻርጀር እኛ አገር ያለ አስማሚ ካስቸገረ፣ እነዚያ ጠፍጣፋ ብረቶች የዚህ ሰው ውርስ ናቸው። የእኛ ሶኬት በአብዛኛው የአውሮፓን ክብ ብረት ተከትሎ ነው የሄደው።

ሃርቪ ሃብል እ.ኤ.አ. በ1927 አረፈ። ስሙን የወረሰው ልጁ ድርጅቱን ተረክቦ ቀጠለ። ከመሥራቹ ሞት በኋላ ድርጅቱ ተሰክቶ በመጠኑ ሲዞር የሚቆለፍ፣ ሲጎተት የማይነቀል ሶኬት አወጣ። ይህም በተለይ ለወርክሾፕና ለፋብሪካ የተመቸ ነው። ድርጅቱ ዛሬም አለ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ኮኔቲከት፣ ሼልተን ከተማ ነው።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ከቢቸናና ከሞጣ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ እንዲህ ነው። ሃብል ገመዱን ከግድግዳው ለየው። በሌላው ጫፍ፣ ከመሣሪያው ጋር ያለው ግን በአብዛኛው እንደታሰረ ቀረ። ግራይንደር፣ ድሪልና የእንጨት መላጊያ ማሽን ገመዳቸው ከሆዳቸው ውስጥ ነው የሚወጣው። መሣሪያው በእጅ ሲዞር፣ ሲጎተት፣ በገመዱ ሲንጠለጠል ቶሎ የሚጎዳው ገመዱ ከመሣሪያው የሚወጣበት አንገት ነው። ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ገመዱ በመበጠሱ ብቻ ሥራ ይቆማል። በር የታዘዘበት ባለሙያ ቀኑ ባከነ ማለት ነው። ያለው አማራጭ በካቻቢቴ ሆዱን ፈትቶ ማሰር፣ ወይም የተበጠሰውን በፒንሳ ልጦ፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ናስትሮው ሲሞቅ ይላላል፤ በሳጋቱራና በብረት ብናኝ መሐል ሽቦው ይገለጣል። የሰው ሕይወት የሚጠፋውም እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

የሃብልን ሐሳብ እስከ መሣሪያው አንገት ብንወስደውስ? ይቻላል፤ የተሠራበትም አለ። የጀርመኑ ፌስቱል ገመዳቸው ከአንገታቸው የሚነቀል መሣሪያዎች ያመርታል። አንድ ገመድ ለብዙ መሣሪያ ይሆናል፤ ሲበጠስ ገመዱ ይቀየራል እንጂ መሣሪያው አይፈታም። የኮምፒውተራችን ገመድም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። መሣሪያው ላይ ወንዱ፣ ገመዱ ላይ ሴቷ አለች።

ነገር ግን ገባ ማለት ሆነ ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ገመድ መሰኪያው የተሠራው ለ10 አምፔር ነው። 2000 ዋት ግራይንደር በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይወስዳል፤ ድንበሩ ላይ ነው ማለት ነው። 2400 ዋት ከሆነ 11 ስለሚጠጋ ያልፈዋል፤ ለዚህ ባለ 16 አምፔሩ ያስፈልጋል። ሽቦው ቀጭን ከሆነም ይግላል። በተጨማሪ ግራይንደር ስለሚንቀጠቀጥ የማይቆለፍ መሰኪያ በሥራ መሐል ይላላል። የመሬት ሽቦ የሚፈልግ መሣሪያ ሁለት ሽቦ ባለው ገመድ ከተሰካ ደግሞ ይሠራል፤ ሰውን መጠበቁን ግን ያቆማል። በሁለቱም ጫፍ ወንድ የሆነ ገመድማ ጨርሶ መሠራት የለበትም፤ አንዱ ጫፍ ሲሰካ ሌላኛው እጅ ላይ ያለ እሳት ነው። ስለዚህ ለውጡን ማድረግ ያለበት ሙያውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ነው። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ለአካባቢያቸው ወርክሾፖች ቢሠሩት ግን እንዴት ያለ የተግባር ፈተና ይወጣው ነበር!

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የቤት ሥራ አለው። አንድ ሰው በኤሌክትሪክ አደጋ ሞተ የሚል ዜና ስንሠራ በአንድ መስመር ነው የምናልፈው። ገመዱ የት ጋ ነው የተበጠሰው? በምን ነበር የታሰረው? ብለን አንጠይቅም። ሃብል እንግዲህ ሽቦ የሚፈታ ጽዳት ሠራተኛ አይቶ ጠየቀ የሚባል ሰው ነው። እኛም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት ወርክሾፖች በር ስናልፍ፣ ገባ ብለን በናስትሮ የተጠቀለለውን ገመድ ብንጠይቅ ዜና አናጣም።