ቫለሪ ለጋሶቭና የአቶሚክ ምድጃ ጥበቃ

ታላቅ ኃይል በእጁ የገባ ሕዝብ ኃይሉን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ጠባቂውም ያየውን ጉድለት ሳይፈራ የሚናገርበት ሥርዓት ያሻዋል። ይህ ሥርዓት ሲጎድል የሚመጣውን መከራ ለመረዳት የመስኮቡን ሊቅ የቫለሪ ለጋሶቭን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

ለጋሶቭ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓመት በቱላ ከተማ ተወለዱ። በሞስኮ በሜንደሌየቭ ስም በተሰየመው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ዕውቀት ተምረው በ1961 ዓመት ፈጸሙ። ቆየት ብለውም በኩርቻቶቭ የአቶሚክ ምርምር ተቋም ገብተው በትጋታቸው እስከ ምክትል የበላይ ሹምነት ደረሱ፤ በ1981 ዓመትም የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኑ።

በ1986 ዓመት በአፕሪል 26 ቀን፤ ይኸውም ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፤ በኡክራይን በቼርኖቢል የነበረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ 4ኛው ምድጃ በሌሊት ፈነዳ። ለጋሶቭም ቦሪስ ሽቼርቢና ከሚመሩት የመንግሥት ኮሚሲዮን ጋራ በዚያው ቀን ወደ ስፍራው ተላኩ። የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብ ሳይውል ሳያድር እንዲወጣ ከመከሩት አንዱ እርሳቸው ነበሩ፤ በማግሥቱም 49,000 የሚያህል ሰው ቤቱን ትቶ ወጣ። እሳቱን ለማፈን ቦሮን፣ ዶሎማይት፣ አሸዋ፣ ሸክላና እርሳስ 5,000 ቶን ያህል ከሄሊኮፕተር ተጣለ። ለጋሶቭ በዚያ ስፍራ እየተመላለሱ ሲደክሙ ብዙ ጨረር ስለ ተቀበሉ ጤናቸው ታወከ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በቪየና ከተማ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ጉባኤ ፊት ቀርበው የአደጋውን ታሪክ 5 ሰዓት ያህል ዘረዘሩ። የውጭ አገር ሊቃውንትም እንዲህ ያለ ግልጽነት ከሶቪየት ስላልጠበቁ ተደነቁ። ነገር ግን ጥፋቱ ይበልጡን በሌሊቱ ሠራተኞች ላይ ተጣለ እንጂ የምድጃው የራሱ ጉድለት በሙሉ አልተገለጠም። ኃይሉን ለመግታት የሚወርዱት ዘንጎች ከበታቻቸው ግራፋይት ስለ ነበረባቸው፤ መውረድ በጀመሩበት ቅጽበት ኃይሉን በመቀነስ ፈንታ ሊጨምሩት ይችሉ ነበር። ይህም ጉድለት በ1983 ዓመት በሊቱዌንያ በኢግናሊና ማመንጫ ታይቶ ሳለ አልታረመም፤ በምድጃው ላይ ለሚሠሩትም በሚገባ አልተነገረም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራውን ለማስቆም በቂ ነጻነትና ሥልጣን አልነበረውም።

ለጋሶቭ ወደ አገራቸው ተመልሰው የጥበቃው ሥራ እንዲሻሻል ቢደክሙም አሳባቸው በቶሎ አልተፈጸመም። አደጋው ሁለት ዓመት በሞላ በማግሥቱ፤ በ1988 ዓመት በአፕሪል 27 ቀን፤ በ51 ዓመታቸው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ስለ አደጋው የተዉት ማስታወሻ በሚቀጥለው ወር በፕራቭዳ ጋዜጣ ታተመ።

ሳይገለጥ የቀረው ነገርም ተሰውሮ አልቀረም። በ1992 ዓመት የቪየናው ድርጅት አማካሪዎች የቀድሞ ፍርዳቸውን አርመው፤ የምድጃው አሠራርና የቁጥጥሩ ድካም ከፍ ያለ ድርሻ እንደ ነበራቸው መሰከሩ። በ1994 ዓመት የተደረገው የአቶሚክ ጥበቃ ውል የተቆጣጣሪው ሥራ ኃይሉን ከሚያስፋፉትና ከሚጠቀሙበት ሥራ እንዲለይ አዘዘ። ሩሲያም በ1996 ዓመት ለለጋሶቭ የጀግንነትን ማዕርግ ከሞቱ በኋላ ሰጠች።

ማዕርጉ ለሟች ክብር ነው፤ ውሉ ግን ለሕያዋን ጥበቃ ነው። ሹም የበታቹን የማስጠንቀቂያ ቃል በጊዜው ካልሰማ በኋላ የሚሰጠው ምስጋና የጠፋውን አይመልስም፤ መለከቱን የተነጠቀ ጉበኛ ቢነቃም ከተማውን አያድንምና።