አባ ኮስትር እና የአኪሌስ ቁጣ

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ጓደኞቼ ፕሮፋይል ላይ የበላይ ዘለቀ ፎቶ አይጠፋም። ሼር የምናደርገው ግን ብዙ ጊዜ የታሪኩን ግማሽ ነው።

በላይ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ቢቸናንና የዓባይን በረሃ ይዞ፣ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር እየተባለ ተዋጋ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኛ በኩል፣ በቡሬ አድርገው ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ እሱ በምሥራቅ በኩል ስሙ የገነነ አርበኛ ነበር። ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ተሾመ። ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች ክብራቸውን ይዘው ሲቀጥሉ ግን ቅር ተሰኘና ሸፈተ። እጁን ሰጠ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በእስራት ተቀየረለት። ከእስር አምልጦ ተያዘና ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

የግሪኩን የሆሜር ኢሊያድ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ግጥሙ የሚጀምረው በአኪሌስ ቁጣ ነው። አዛዡ አጋሜምኖን የምርኮ ድርሻውን ነጠቀው፤ ጀግናው ከጦርነቱ ወጥቶ ቁጭ አለ፤ ወገኑ አለቀ፤ የልብ ጓደኛው ፓትሮክሎስም ሞተ። በመጨረሻ ግን አጋሜምኖን ካሠውና ታረቁ። የኛው ታሪክ በገመድ አለቀ።

ኢኮኖሚክስ ስማር ክፍፍል ማለት ገንዘብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ክብርም ይከፋፈላል። የሚያካፍለው ሰው ካዛባው፣ የተበደለውም ቁጣውን መግታት ካቃተው፣ ጠላት ያልገደለውን ጀግና የገዛ ወገኑ ይገድለዋል። ፎቶውን ስንለጥፍ ይህንንም አብረን እንለጥፍ።