ጆን ቮን ኖይማን፤ ጨዋታን በሒሳብ የመረመረ ሊቅ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች የሒሳብ ነገር ሲነሣ ፊታችንን ማዞር እንወዳለን። ዛሬ ግን የአንድ ሒሳብ ዐዋቂ ሕይወት ልንጽፍ ተነሥተናል፤ ይህ ሰው የመረመረው ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ሰው በሰው ላይ የሚያደርገውን ጥርጣሬ ጭምር ነውና።

ጆን ቮን ኖይማን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ የባንክ ሰው ስለ ነበር ልጁ እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዲይዝ ፈለገ፤ የልጁ ልብ ግን ከሒሳብ ጋር ነበር። ሁለቱም አልተከፉም፤ በ1926 ከዙሪክ የኬሚካል ኢንጂኒሪንግ ዲፕሎማ፣ በዚያው ዓመት ከቡዳፔስት በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ዕድሜው 22 ነበር፤ የእኛን ዕድሜ አንባቢ ያውቀዋል።

በ1928 ስለ ጨዋታዎች አንድ ጽሑፍ በጀርመንኛ አወጣ። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦሬል ነገሩን ቀድሞ ጀምሮት ነበር፤ ዋናውን ማረጋገጫ ያገኘው ግን ቮን ኖይማን ነው። በገበጣና በሰንጠረዥ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። አንድ ሰው ጠጠር ደብቆ በየትኛው እጁ እንዳለች ሲያስገምት ግን ነገሩ ይለወጣል። ገማቹ ጠጠሯን በቀኝ እጅ ካገኛት 2 ሳንቲም፣ በግራ ካገኛት 1 ሳንቲም ይቀበል እንበል፤ ከሳተ ምንም የለውም። ደባቂው ሁልጊዜ በግራ ቢደብቅ ይነቃበታል፤ እያፈራረቀ ቢደብቅም ተራው ይታወቃል። የሚሻለው ከሦስት አንዱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ፣ ዕጣ እንደሚጥል ሰው ያለ ተራ መደበቅ ነው። ያን ጊዜ ገማቹ ምንም ብልኅ ቢሆን በሦስት ጨዋታ በአማካይ ከ2 ሳንቲም በላይ አያገኝም። ገማቹም በበኩሉ ከሦስት አንዴ ቀኝን፣ ሁለቴ ግራን በዕጣ ቢጠራ፣ ደባቂው ያሻውን ቢያደርግ ከዚያች 2 ሳንቲም በታች አይወርድም። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ ማለት ነው። የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ በሆነበትና ምርጫው ወሰን ባለው የሁለት ሰው ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ያለ መገናኛ መኖሩን ቮን ኖይማን አረጋገጠ። በፖከር ባዶ እጅ ይዞ አንዳንዴ በድፍረት መወራረድም ከዚያ ወዲያ የጠባይ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፕሪንስተን አስተማረ። ሂትለር በ1938 ኦስትሪያን ሲይዝ ኦስካር ሞርገንሽተርን የተባለው የኤኮኖሚ ሊቅ በዚያው ቀረ፤ ሁለቱ ተባብረው በ1944 ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሲጫወቱ ማን ከማን ጋር እንደሚያብር፣ ትርፉንም እንዴት እንደሚካፈሉ ይመረምራል። ስምምነት በሌለበት፣ ሁሉም ሊጎዳ ወይም ሁሉም ሊጠቀም በሚችልበት ጨዋታ ግን መንገዱን የከፈተው በ1950 የፕሪንስተን ተማሪ የነበረው ጆን ናሽ ነው። የዛሬው ኤኮኖሚክስ ከቮን ኖይማን ይልቅ በናሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለናል።

የጦርነቱ ነገር ግን ያስቸግረናል። ቮን ኖይማን የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ ከዋናዎቹ አማካሪዎች አንዱ ነበር፤ በ1945 የሚመቱትን የጃፓን ከተሞች በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጧል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሶቪየት ኅብረትን ቀድማ ብትመታ ይሻላል ከሚሉት ወገን ሆነ። ይህን ከጨዋታው ሒሳብ አወጣው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንቀበልም። በአቶሚክ ጦርነት ሁለቱም ወገን ይከስራል፤ የ1928 ማረጋገጫው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ እንደማያገለግል ደግሞ ከባለቤቱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በ1919 ኮሚኒስቶች ሀንጋሪን ሲይዙ ቤተ ሰቡ አገር ጥሎ ሸሽቶ ነበር። ምክሩ ከዚያ ዘመን ፍርሃት የመጣ ይመስለናል።

በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ካንሰር ተገኘበት። በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ሥራውን ቀጠለ። በመጨረሻ በዋሽንግተን የወታደር ሆስፒታል ሲተኛ የካቶሊክ ቄስ አስጠራ፤ አእምሮው እየደከመ መሄዱ ከሕመሙ ይልቅ አስጨንቆት ነበር። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957 በ53 ዓመቱ ዐረፈ።