የጣሃ ሁሴን መዝገብ

ሕግ ያጠና ሰው የሕይወት ታሪክ ሲያነብም መዝገብ መፈለጉ አይቀርም። እኔም የግብጻዊውን ምሁር የጣሃ ሁሴንን ሕይወት ሳስብ ዘወትር የምመለሰው ወደ አንድ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሃ ሁሴን በ1889 በላይኛው ግብጽ፣ በሚንያ ግዛት ማጋጋ ከተባለች ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ የስኳር ኩባንያ ተራ ሠራተኛ ሲሆን 13 ልጆች ነበሩት። ጣሃ በሕፃንነቱ ዓይኑን ታመመ፤ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ አክመዋለሁ ብሎ ቢሞክርም ብርሃኑን አጣ። ለድሃ ዓይነ ስውር ልጅ በዚያ ዘመን ክፍት የነበረው በር ቁርዓንን በቃል አጥንቶ በዚያ መተዳደር ነው። እሱም ቁርዓኑን በልጅነቱ በቃሉ ያዘ፤ በ1902 ካይሮ ወደሚገኘው አል አዝሃር ሄደ።

አል አዝሃር ግን አልበቃውም። በ1908 የግብጽ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ገባና በ1914 የተቋሙን የመጀመሪያ ዶክትሬት አገኘ። ያጠናው እንደ እሱ ዓይነ ስውር ስለነበረው ባለቅኔ ስለ አል መዓሪ ነው። ከዚያም ፈረንሳይ ተሻግሮ በሶርቦን ስለ ኢብን ኻልዱን ሌላ ዶክትሬት ሠራ። መጻሕፍት ታነብለት የነበረችውን ሱዛንን በ1917 አገባ።

መዝገቡ የተከፈተው በ1926 ነው። በዚያ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከእስልምና በፊት ተገጠመ የሚባለው አብዛኛው የዓረብ ግጥም በኋላ ዘመን የተፈጠረ ነው ሲል ተከራከረ። ስለ ኢብራሂምና ኢስማኢል የሚነገረውም በታሪክ ማስረጃ መፈተሽ አለበት የሚል ሐሳብ አከለበት። አገር ተናወጠ። ከአል አዝሃር አቤቱታ ቀረበበት፤ ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ።

ምርመራውን የያዘው ዐቃቤ ሕግ ሙሐመድ ኑር ይባላል። መጽሐፉን አነበበ፣ ደራሲውን ጠየቀ፣ ክርክሩን ነጥብ በነጥብ መረመረ። ደራሲው ብዙ ቦታ መሳሳቱንና ማስረጃው ደካማ መሆኑንም በግልጽ አሰፈረ። ሆኖም የወንጀል ሐሳብ አላገኘበትምና በማርች 1927 መዝገቡን ዘጋው። የሐሳብ ክፍልን እኛ የሕግ ሰዎች ገና በመጀመሪያው ዓመት እንማረዋለን። ሕዝብ ደጅ ቆሞ ሲጮህ በሥራ ማዋሉ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጣሃ ሁሴን ከክስ ቢያመልጥም ዋጋ ከፍሏል። አወዛጋቢዎቹን ገጾች አውጥቶ መጽሐፉን በ1927 በሌላ ርዕስ ለማሳተም ተገደደ። በ1932 ደግሞ የፋኩልቲ ዲን ሳለ ለፖለቲከኞች የክብር ዶክትሬት አልሰጥም በማለቱ የኢስማኢል ሲድቂ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲው አስወጣው። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አሕመድ ሉትፊ አል ሰይድ ድርጊቱን ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጣሃ የተመለሰው በ1934 ነው።

በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ እንዲቀር አደረገ። የስኳር ኩባንያ ሠራተኛ ልጅ ለብጤዎቹ በሩን ከፈተ። በኦክቶበር 1973 በ83 ዓመቱ አረፈ።

በ1927 ተከስሶ ቢሆን ኖሮ ሚኒስትር እስከመሆን ይደርስ ነበር? እጠራጠራለሁ። ሙሐመድ ኑርን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ያልወደደውን መጽሐፍ ደራሲ ሕግ አክብሮ ያሰናበተ ዐቃቤ ሕግ ግን በእኔ ሚዛን ከብዙ ዳኞች ይበልጣል።