ሉዊ ፓስተር (1822–1895)፦ የረቂቃን ሕያዋንን ኑሮ የመረመረ ሊቅ

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በፈረንሳይ አገር፥ ዶል በተባለች ከተማ፥ ከቆዳ ፋቂ አባት ተወልዶ በካቶሊክ እምነት አደገ። ኬሚስትሪ ተምሮ በሊል ከተማ መምህር ሳለ፥ በ1856 አንድ የአልኮል አምራች ምርቱ እየተበላሸ ቢያስቸግረው ምክንያቱን እንዲመረምርለት ለመነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት መጠጥ የሚፈላው በተራ ኬሚካዊ ለውጥ ነው ይሉ ነበር። ፓስተር ግን እርሾ ሕይወት ያለው መሆኑን፥ ስኳርን እየተመገበም አልኮል እንደሚያወጣ አስረዳ። ስኳር፥ የአሞኒያ ጨውና የእርሾ አመድ በተቀላቀሉበት ውሃ ጥቂት እርሾ ጨምሮ እንዲባዛ በማድረግ የሚያሻውን ምግብ ገለጠ። በ1861 ደግሞ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ተሕዋስያን መኖራቸውን አስታወቀ።

ሙቀትንም መረመረ። የወይን ጠጅን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማሞቅ ከብልሽት አዳነ። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ ከ42 እስከ 43 ዲግሪ ሲያድግ ኃይሉ እንደሚደክም ደረሰበት፤ በ1881ም በጎችን በክትባት ከዚሁ በሽታ ጠበቀ። በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ ከተበ፤ ልጁም ዳነ።

ሕይወቱ ግን ከኀዘን አልራቀም። በ1859፥ በ1865 እና በ1866 ሦስት ሴቶች ልጆቹን በሞት ተነጠቀ፤ ሁለቱን የወሰደው ታይፎይድ ነበር። በ1868 ግራ ጎኑ ሽባ ቢሆንም ሥራውን አልተወም። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ዐረፈ፤ የቀብሩ ጸሎት በፓሪስ ኖትርዳም ካቴድራል ተፈጸመ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በስሙ የተጠራ የምርምር ተቋም ነበር፤ ሕዝቡ ስፍራውን ዛሬም ፓስተር ይለዋል።

ትምህርቱ ለጋምቤላ ምእመናን እጅግ ይጠቅማል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን አብዛኞቹ የሚስማማቸው ከሰው ገላ ሙቀት፥ ማለትም ከ37 ዲግሪ ጋር የተቀራረበ ሙቀት ነው። የክልላችን የበጋ ቀትርም ወደዚያው ይጠጋል። ስለዚህ በወተት፥ በዓሣና ውሎ ባደረ ወጥ ውስጥ ምግብ፥ እርጥበትና ሙቀት በአንድነት ስለሚያገኙ ፈጥነው ይባዛሉ። ከባሮ የተቀዳ ውሃም ንጹሕ መስሎ ቢታይ ታይፎይድን ሊይዝ ይችላል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ ውሃውንና ወተቱን አፍልተን እናጠጣ፤ የፈላውንም በንጹሕ ዕቃ ከድነን እናኑር። ፓስተር በልጆቹ ላይ የደረሰውን ሊመልስ አልቻለም፤ በእጃችን ያሉትን ሕፃናት መጠበቅ ግን ለእኛ የተሰጠ የፍቅር ሥራ ነው።